አንድ ሰው የማይበቃው ዘፈን

ዶርዜ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ሽመናን ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው የአገር ልብስ ከማን እጅ እንደሚወጣ ያልሰማ የለም። ቀጥሎ የዝሆን ፊት የሚመስለው የቀርከሃ ቤት ይመጣል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ዳገት በመኪና የሄደ ደግሞ መንገድ ዳር የሚጨፍሩትን ልጆች ያስታውሳል። እኔ ላስተዋውቅ የምፈልገው የዶርዜዎችን ዘፈን ነው፤ በተለይም ለትምህርት ቤት ቴአትር ሙዚቃ ድረስ ለተባለ ተማሪ።

የድራማ ክበብ አባል የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ለወላጆች በዓል ቴአትር ሲዘጋጅ ሙዚቃው የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ከተገኘ ኪቦርድ በውሰት ይመጣል፤ ካልተገኘ ከስልክ የተለቀቀ ክላሲካል በትዕይንቶቹ መሀል ይገባል። በዶርዜዎች አገር፣ በጋሞ ደጋ ግን መሣሪያ የማይፈልግ ኦርኬስትራ አለ።

በሰሜኑ ዘፈን የለመድነው አንድ ዜማ ነው። አዝማሪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ያንኑ ይመልሳል። በማኅሌትም ካህናቱ ተሰልፈው የሚያዜሙት አንዱን ዜማ ነው። በዶርዜ አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ እሱ ያለውን አይደግሙም። አንዱ ወገን ከሥር አጭር ሐረግ ይዞ ሳያቋርጥ ይመላለስበታል። ሌላው ከላይ የራሱን ይዞ ይሄዳል። አንዱ ሁለት ድምፅ ጣል አድርጎ ዝም ይላል፤ ዝም ባለበት ቅጽበት ጎኑ የቆመው ገብቶ ሌላ ሁለት ያክላል። ከደረት ወደ ቀጭን ድምፅ ድንገት ዘልሎ የሚመለስም አለ። የአንዱን ሰው ድርሻ ለብቻው ብትሰሙት ቁርጥራጭ ነው፤ ሲገጣጠም ግን ማን ምን እንዳለ መለየት እስኪያቅት ድረስ ይጠላለፋል። በተለይ በመስቀል፣ የዓመቱ ትልቅ በዓላቸው ነውና፣ በየሥራው የተበተነው ሸማኔ ወደ አገሩ ሲመለስ ዘፈኑ ይደምቃል። በደራሼ ሕዝብ ዘንድ የሚነፋው ፊላ የተባለ ዋሽንትም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ ይይዛል፣ ዜማው የሚገኘው ከሁሉም ነው።

የውጭ ተመራማሪዎች ይህን ዘፈን ቀድመው አስተውለውታል። ፈረንሳዊው ቤርናር ሎርታ-ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀርጾ በሸክላ አሳትሞታል። ተመሳሳይ አዘፋፈን ያላቸው የጆርጂያ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ2001፣ የመካከለኛው አፍሪካ አካዎች ደግሞ በ2003 ከዩኔስኮ እውቅና አግኝተዋል። የዶርዜ ዘፈን ከእነዚህ ጎን የሚቆም ነው ብዬ አምናለሁ።

የሙዚቃ አቀናባሪው ነርሲስ ናልባንዲያን እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባል። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲሠራ፣ ባለ አምስት ድምፁን የኢትዮጵያ ቅኝት መልኩ ሳይጠፋ በኅብረ ድምፅ ለማቀናበር ብዙ ደክሟል። በዶርዜ መንደር ሰዎች ይህንኑ ሥራ ያለ ኖታ፣ ከልጅነታቸው በጆሮ እየተማሩ ሲሠሩት ኖረዋል። ዛሬ ለመድረክ የሚደርስ ተማሪ ሁለቱንም ቢያጠና ብዙ ይጠቀማል።

ለመድረክ የሚሆን ታሪክም እዚያው አለ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ ወጡ። የጋሞ አባቶች በባህላቸው የሰላም ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ይህን የሚሠራ የወጣቶች ቴአትር ሙዚቃውን ከቁጣው ቢጀምር ይሻላል። ድምፁ እየተደራረበ፣ ክፍተቱ ሁሉ እየተሞላ ይሂድ። ሣሩ ሲታይ አንዱ ወገን ድርሻውን ይተው፣ ከዚያ ሌላው፣ በመጨረሻ ከሥር ያለው ሐረግ ብቻ ይቅር። ያን ጊዜ ተመልካቹ መመለሱን በጆሮው ያውቀዋል፤ ተራኪ አያስፈልግም።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ዜማውን ቀድሞ ጽፎ ለልጆች ማከፋፈል አይሠራም። ከሥር የሚሄደውን ሐረግ የሚይዙት መጀመሪያ እስኪጸኑ ድረስ ይለማመዱ፤ ሌላው በላዩ አንድ በአንድ ይግባ። ልጆቹ ከመዝፈኑ ይበልጥ የሚከብዳቸው በተራቸው ዝም ማለት ነው፤ የሌላውን ድርሻ እየሰሙ የራሳቸውን መያዝ አለባቸው። የኪቦርድ ሪትም ከሥር መክፈት ደግሞ ዘፈኑን ይገድለዋል፤ ዘፋኞቹ የሚጠብቁት እርስ በርሳቸውን እንጂ ማሽኑን አይደለም። የቁልፎቹ ድምፅም ከዘፋኞቹ ድምፅ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። የለቅሶ ዜማ ለጭፈራ ትዕይንት እንዳይውል የአካባቢውን አዛውንት ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በትርኢቱ ቀን አንድ ልጅ ቢታመም መሀሉ ስለሚጎድል ለእያንዳንዱ ድርሻ ቢያንስ ሁለት ልጅ ይመደብ።