ማንጎ ሲረክስ ጁስ አሽጎ ማስቀመጥ ያዋጣል?

ከሚያዝያ ጀምሮ ማንጎ በብዛት ሲገባ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ «አሁን በርካሹ ገዝተን ጁስ አድርገን ለፍልሰታ ብናስቀምጥስ?» ፍሪዘር ያለው ፍሪዘር ይላል፤ መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ግን ሁሉም ነገር ያበቃል። ስለዚህ በጠርሙስ ማሸጉን እንየው።

መጀመሪያ ሂሳቡ። ኪሎውን በ80 ብር 10 ኪሎ ገዛችሁ እንበል፣ 800 ብር። ልጣጩና መሃሉ ያለው ፍሬ ሲወጣ ወደ 6 ኪሎ ቢተርፋችሁ ነው። ማለትም የምትበሉትን የገዛችሁት በ80 ሳይሆን በ133 ብር ነው። ለሎሚ ጭማቂ፣ ለስኳር፣ ለጋዝና ለአዲስ ክዳን 500 ብር ጨምሩ። ግማሽ ሊትር ያልሞላ 12 ጠርሙስ ቢወጣው አንዱ 108 ብር ግድም ይመጣል፤ ያውም ባዶ ጠርሙሱ ከቤት ከተገኘ። ወፍራም ስለሆነ ስትጠጡት በውሃ ይቀጥናል። ቁጥሮቹን በሰፈራችሁ ዋጋ ቀይሩና ጁስ ቤት ከምትከፍሉት ጋር አስተያዩት።

ሰው ለመቆጠብ ሲል መጀመሪያ የሚቀንሰው ሎሚውን ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አምና «ማንጎው ራሱ ጣፋጭ ነው፣ ሎሚ ምን ያደርግለታል» ብዬ በጣም የበሰለውን ፈጭቼ፣ አፍልቼ አሸግሁ። በሦስተኛው ሳምንት የአንዱ ክዳን አብጦ አገኘሁት፤ ስከፍተው ፉ አለ። ያላበጡትንም አብሬ ደፋኋቸው። ባለቤቴ «ደህናዎቹን ለምን?» አለችኝ። የሚያስፈራው ደህና የሚመስለው ነዋ!

ምክንያቱ ይሄ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን መርዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖሩ በፈላ ውሃ አይሞትም፤ አየር በሌለበት የታሸገ ጠርሙስ ደግሞ ይመቸዋል። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። የሚያግደው አሲድ ነው፤ ፒኤቹ ከ4.6 በታች ከሆነ አያድግም። ያልበሰለ ማንጎ ኮምጣጣ ነው፣ በጣም ሲበስል ግን ከዚያ መስመር ያልፋል። ርካሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ ከመጠን በላይ የበሰለው ነው! ለማሸግ ገና ጠንከር ያለውን፣ መብሰል የጀመረውን ግዙ፣ ለአንድ ሊትር 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ከፍሬ የተጨመቀ ሎሚ አሲዱ ስለሚለያይ፣ ታሽጎ የሚሸጠው ይሻላል። ስኳሩ ለጣዕም ነው፣ እንደፈለጋችሁ።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔት ያገኛችሁት «15 ደቂቃ» ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። እኛ ጋ 25 ደቂቃ፣ አዳማና ሐዋሳ 20 ደቂቃ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የተፈጨውን ማንጎ ከሎሚው ጋር አፍሉ፣ ትኩሱን በታጠበና በሞቀ የመስታወት ጠርሙስ ቅዱ፣ ከላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዉ። አፉን ጥረጉና በአዲስ ክዳን ዝጉ፤ ያገለገለ ክዳን በደንብ አይዝም። የፕላስቲክ ሃይላንድ በፍጹም አይሆንም። ከዚያ ውሃው ጠርሙሶቹን በሁለት ጣት በሚያልፍ ትልቅ ድስት ውስጥ ቀቅሉ፤ ደቂቃው የሚቆጠረው ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ነው። አውጥታችሁ ሳትነካኩት አሳድሩት። ጠዋት ክዳኑ መሃሉ ወደ ውስጥ ካልገባ ፍሪጅ አስገብታችሁ በዚያው ሰሞን ጠጡት።

ፓፓያ፣ ሙዝና አቮካዶ በዚህ መንገድ አይሞከሩም፣ አሲዳቸው ትንሽ ነው። ስለ አናናስ የጠየቃችሁኝ፣ እሱ በተፈጥሮው ኮምጣጣ ስለሆነ አያሰጋም፤ የአናናስን ሂሳብ ግን ዋጋው ትንሽ ሲወርድ ነው የምንሠራው። ነገ ሽንኩርት ይዤ እመለሳለሁ።