መለኪያው የሚያየው ኦክስጅንን ነው፦ የቱርቦ ሞተር ድብልቅ ሲዛባ

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ትርፍ ኦክስጅን ሳይተርፍ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅም ሳይቀር ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። መሐንዲሶች ይህን ሚዛን ላምዳ በተባለው የግሪክ ፊደል ይወክሉታል፤ ሚዛኑ ሲጠበቅ ላምዳ 1 ነው፣ ከ1 ሲበልጥ ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል፣ ከ1 ሲያንስ ደግሞ ነዳጅ በዝቶበታል ማለት ነው። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ የዚህ ሚዛን መጠነኛ መዛባት ብዙውን ጊዜ የሚያስከትለው የጉልበት ማነስን ወይም የቤንዚን ብክነትን ሲሆን፣ በቱርቦ ሞተር ላይ ግን ያው ስሕተት በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ፒስተን ሊያቀልጥ ይችላል።

ምክንያቱ የሚገኘው ከአየሩ ሙቀት ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ እ.ኤ.አ. በ1905 ፓተንት ያስመዘገበበት ቱርቦ፣ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባውን አየር የሚያምቅ መሣሪያ ነው፤ አየር ሲታመቅ ደግሞ ይሞቃል፣ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ በፒስተኑ ዳግም ሲታመቅም ይበልጥ ይግላል። ካንዴላው እሳት ከጫረ በኋላ ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት የድብልቁ ቀሪ ክፍል ሙቀቱንና ግፊቱን መቋቋም ሲያቅተው በራሱ ጊዜ በአንድ አፍታ ይቀጣጠላል፤ ማንኳኳት የሚባለውም ይህ ነው። በማንኳኳት የሚፈጠረው የግፊት ሞገድ የፒስተኑን ራስ ከነበልባሉ የሚጋርደውን ስስ የጋዝ ሽፋን ስለሚገፈው ብረቱ በቀጥታ ለሙቀቱ ይጋለጣል። ስለዚህም ቱርቦው በሙሉ ግፊት ሲሠራ ላምዳ ወደ 0.8 አካባቢ፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 11.8 ኪሎ ያህል አየር እንዲሆን ይደረጋል፤ ትርፉ ቤንዚን የሚገባው እንዲቃጠል ሳይሆን ሲተን ሙቀት እንዲወስድ ነው። (የናፍጣ ሞተር ከዚህ ጭንቀት ነፃ ነው፤ ምንጊዜም በትርፍ አየር ስለሚሠራ ለእርሱ የነዳጅ ማነስ የጉልበት ማነስ እንጂ የጥፋት ምልክት አይደለም።)

ድብልቁን ለማወቅ በጭስ መውጫው ላይ የሚገጠመው የኦክስጅን ሴንሰር፣ በጭሱና በውጭው አየር መካከል ያለውን የኦክስጅን ልዩነት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ሸክላ አለው። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ዓይነት በላምዳ 1 ላይ ቮልቱን ድንገት ስለሚቀይር ድብልቁ ከሚዛኑ በላይ ወይም በታች መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ 0.80 ይሁን 0.90 ግን መለየት አይችልም፣ በቱርቦ ሞተር ላይ ደግሞ የሞትና የሕይወት ልዩነት ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። ሰፊ ልክ ያለው ኋለኛው ሴንሰር በውስጡ ባለች ትንሽ ክፍል ኦክስጅን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ሚዛኑን ይጠብቅና ለዚህ ሥራ ያወጣውን ኤሌክትሪክ በመለካት ትክክለኛውን ላምዳ ያሳያል። ያለ እርሱ የቱርቦ ሞተር ማስተካከል ግምት ነው።

ይሁንና ሁለቱም ዓይነቶች የሚያዩት ኦክስጅንን እንጂ ቤንዚንን አይደለም፤ ብዙ የምርመራ ስሕተት የሚመነጨውም ይህ ሲዘነጋ ነው። በከፍተኛ ግፊት ውስጥ ብልጭታ ለመፍጠር ብዙ ቮልት ስለሚያስፈልግ የካንዴላው ክፍተት ከሰፋ ወይም ኮይሉ ከደከመ እሳቱ ይጠፋል፤ ያኔ ከነቤንዚኑ ሳይቃጠል የወጣው ኦክስጅን በሴንሰሩ ፊት ሲያልፍ ማሳያው ነዳጅ አንሷል ይላል። ይህን አምኖ ቤንዚን የሚጨምር ባለሙያ እሳቱ ይበልጥ እንዲጠፋ ያደርጋል፣ ማሳያውም ይበልጥ ነዳጅ አንሷል ይላል። ከሴንሰሩ በፊት ባለው የጭስ ቱቦ ላይ ያለ ስንጥቅም እንዲሁ የውጭ አየር እያስገባ የሌለ ችግር ያሳያል።

ከሁሉ የሚያስገርመው አንድ ቀዳዳ ሁለት ተቃራኒ ምልክት መስጠቱ ነው። የሚገባውን አየር ከቱርቦው በፊት በተተከለ የአየር መለኪያ በሚቆጥር መኪና ላይ፣ ከአየር መክፈቻው በኋላ ያለው ክፍል ቢቀደድ፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ በዚያ ክፍል ያለው ግፊት ከውጭው ያነሰ ስለሆነ ያልተቆጠረ አየር ይሳብና ድብልቁ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ቱርቦው ግፊት ሲፈጥር ግን ተቆጥሮ ያለፈው አየር በዚያው ቀዳዳ ወደ ውጭ ስለሚያመልጥ የሞተሩ ኮምፒውተር ለሌለ አየር ቤንዚን ይረጫል፣ ድብልቁም ነዳጅ ይበዛበታል። ቀዳዳው ከቱርቦው እስከ አየር መክፈቻው ባለው ቱቦ ላይ ከሆነ ደግሞ በሚኒሞ ጊዜ ይህ ነው የሚባል ምልክት ሳይሰጥ ቆይቶ በግፊት ጊዜ ብቻ ጥቁር ጭስ ያወጣል። አየሩን በመቁጠር ፈንታ በመግቢያው ያለውን ግፊት በሚለኩ መኪኖች ላይ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ የሚታየው ከፍ ያለ ሚኒሞ ወይም ከልክ በላይ የሚለፋ ቱርቦ ነው። ስለዚህ መኪናው አየሩን በምን እንደሚለካ ሳያውቁ ምልክቱን መተርጎም አይቻልም። ቀዳዳውን ለማግኘት ሞተሩ ጠፍቶ የአየር መግቢያው ይደፈንና ከኮምፕሬሰር አየር ይሞላበታል፣ በየመጋጠሚያውም የሳሙና ውሃ ሲረጭ አረፋው ቦታውን ያሳያል።

ኮምፒውተሩ ራሱ በኦክስጅን ሴንሰሩ እየተመራ የሚያደርገው የነዳጅ ማስተካከያ፣ በመመርመሪያ መሣሪያ ላይ በመቶኛ የሚነበብ፣ ጥሩ መረጃ ነው። ጭማሪው በሚኒሞ ጊዜ ትልቅ ሆኖ ሞተሩ ሲፈጥን ከቀነሰ አየር የሚስብ ቀዳዳ ይጠረጠራል፤ ሞተሩ ሲጫን እየጨመረ ከሄደ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ነዳጅ አቅርቦቱ፣ ማለትም ወደ ፓምፑ፣ ወደ ፊልትሮውና ወደ ኢንጀክተሮቹ ይዞራል። ፒ0171 የተባለው የስሕተት ኮድ የሚወጣውም ይህ ጭማሪ ከተፈቀደለት ወሰን ሲያልፍ ነው፤ ኮዱ ጉድለቱን እንጂ መንስኤውን አይናገርም።

ከነዳጅ አቅርቦት ችግሮች ሁሉ በጣም ርካሹና በጣም አደገኛው ከግፊት መቆጣጠሪያው ጋር የተያያዘችው ቀጭን የጎማ ቱቦ ናት። ብዙ የቱርቦ ሞተሮች የቤንዚኑን ግፊት ከመግቢያው አየር ግፊት ምንጊዜም በ3 ባር እንዲበልጥ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ይህን የአየር ግፊት ለመቆጣጠሪያው የምታደርሰው ቱቦ ብትወልቅ ወይም ብትሰነጠቅ የቤንዚኑ ግፊት ባለበት ሲቀር ቱርቦው 1 ባር በጨመረ ጊዜ ልዩነቱ ወደ 2 ባር ይወርዳል። ከኢንጀክተር የሚወጣው መጠን የግፊቱን ልዩነት ስኩዌር ሩት ስለሚከተል ቤንዚኑ በ18 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ 0.80 የነበረው ላምዳም ወደ 0.98 ያሻቅባል። በሚኒሞ ጊዜ ይህ ጉድለት አደጋ የለውም፤ ኮምፒውተሩም በቀላሉ ያርመዋል።

የኢንጀክተሮቹም አቅም ወሰን አለው። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ሙሉ ዑደቱን የሚጨርሰው በ20 ሚሊሴኮንድ ስለሆነ፣ 17 ወይም 18 ሚሊሴኮንድ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ኢንጀክተር ሊጨምር የሚችለው ነገር አልቋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር ማሳደግም ከዚህ በኋላ ለውጥ አያመጣም።

ማሳያው የማይናገረው ነገርም አለ፤ አንዱ የቦታው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦው 1 ባር ጨመረ ሲባል በሞተሩ ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት በጅቡቲ 2 ባር ገደማ፣ በአዲስ አበባ ግን 1.77 ባር ገደማ ይሆናል። በከፍታ ቦታ ያንኑ 2 ባር ለማግኘት የሚጥር ቱርቦ አየሩን ከሁለት እጥፍ ይልቅ ወደ 2.6 እጥፍ ማመቅ ስላለበት በፍጥነት ይሽከረከራል፣ አየሩንም ይበልጥ ያሞቃል፤ ድብልቁ በማሳያው ላይ ትክክል ሆኖ ሳለ ማንኳኳት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ማሳያው የሚሸሽገው ነገር በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንድ ሴንሰር የሚያነበው የሲሊንደሮቹን ሁሉ ጭስ አማካይ ስለሆነ አንዱ ኢንጀክተር ግማሽ ቢዘጋና የሌሎቹ ድርሻ ቢጨመር ቁጥሩ ያማረ፣ አንዱ ፒስተን ግን በእሳት ላይ ያለ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ጥንታዊው ዘዴ እስካሁን ተወዳዳሪ የለውም፦ ሞተሩ በሙሉ ጭነት ከሠራ በኋላ ወዲያው ጠፍቶ ካንዴላዎቹ ይፈቱና ጎን ለጎን ይታያሉ። ጥቀርሻ የለበሰው ነዳጅ በዝቶበታል፤ ከሌሎቹ ይልቅ የነጣውና የተለበለበው ነዳጅ አንሶታል። በነጩ ሸክላ ላይ የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ነጠብጣቦች ከታዩ ግን ብረቱ የመጣው ከፒስተኑ ስለሆነ ድብልቁን ማስተካከል ጊዜው አልፏል፤ የሚቀረው ቴስታታውን አውርዶ የፒስተኑን ራስ ማየት ነው።