ከኮድ ማከማቻ የሚወርድ የጤና መዝገብ

መተማ ወረዳ፣ ሽንፋ ላይ ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ካላዛር ቢይዘው፣ በሽታው እዚያው ላይታይ ይችላል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የገባው ተሕዋስ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ተደብቆ ይቆያል፤ ሰውየው ትኩሳት ሲጀምረው ሥራውን ጨርሶ አገሩ ገብቷል። መተማ ላይ የተያዘው በሽታ ሌላ ወረዳ ይመዘገባል ማለት ነው። የሁለቱን ወረዳ ቁጥር አንድ ላይ የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ ቆላው ጤነኛ ይመስላል።

ኢትዮጵያ የጤና ቁጥሮቿን የምታሰባስበው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ የድር ሶፍትዌር ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ይጠቀምበታል። ውጥኑ የተጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. ከአፓርታይድ በወጣችው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ዛሬ ልማቱን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኮዱ ጊትሃብ በተባለ የኮድ ማከማቻ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም ሳይከፍል ማውረድ፣ ማንበብ፣ መለወጥና ማሠራት ይችላል።

የኮድ ማከማቻ ተራ የፋይል መጋዘን አይደለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ ጊትሃብ የቆመበት ጊት የተባለ ፕሮግራም እያንዳንዱን ለውጥ ከለዋጩ ስምና ከቀኑ ጋር ይይዛል፤ ማከማቻውን የሚቀዳ ሰውም ሙሉ ታሪኩን ይዞ ይሄዳል። እኔን ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ በዲኤችአይኤስ 2 ኮድ ውስጥ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መኖሩ ነው። የጤና ጣቢያዎቻችን ወርሃዊ ሪፖርት ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ይሰላል፤ ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም እዚህ አገር ብዙ ሥራ ያበላሻል። ኮዱ የተዘጋ ቢሆን እንዲህ ያለውን ነገር ለማስገባት የሻጩን ፈቃድ መጠበቅ ግድ ነበር።

የሶፍትዌሩን ተከላ መማር ለሚፈልግ አንድ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ከምንጭ ኮዱ ተነሥቶ መገንባት የፕሮግራመሮች ሥራ ነው፤ ለሌላው ሰው የተሰናዳ ‹ዋር› ፋይል አለ። ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ጃቫ፣ ቶምካት የተባለው የድር ሰርቨር፣ እንዲሁም ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ከካርታ ማሟያው ከፖስትጂአይኤስ ጋር ይጫናሉ። ባዶ ዳታቤዝ ይፈጠራል፤ አድራሻውና የይለፍ ቃሉ ‹ዲኤችአይኤስ ዶት ኮንፍ› በተባለች አጭር ፋይል ይጻፋሉ። ዋር ፋይሉ የቶምካት ‹ዌብአፕስ› ፎልደር ውስጥ ይገባል። ቶምካት ሲነሣ ሶፍትዌሩ ሰንጠረዦቹን ራሱ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው በስሪት አለመጣጣም ነው፦ የዲኤችአይኤስ 2 ስሪት 42 ጃቫ 17ና ቶምካት 10.1 ይፈልጋል፤ በአሮጌው ቶምካት 9 አይነሣም። ሁሉን ነቅሎ እንደገና ከመጫን በፊት የቶምካትን ሎግ ማንበብ ይሻላል፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተጽፏል።

ሶፍትዌሩ ከተነሣ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ከዚያው ኮምፒውተር ጋር በራውተር የተገናኘ ማንኛውም ብራውዘር ይከፍተዋል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቆላ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ የሚገባበት ስም ‹አድሚን›፣ የይለፍ ቃሉ ‹ዲስትሪክት› ነው። መመሪያው ለዓለም ሁሉ ክፍት ስለሆነ ይህን ማንም ያውቀዋል፤ አንድም የታካሚ መረጃ ሳይገባ መለወጥ አለበት። የዳታቤዙ ቅጂም በየቀኑ ወደ ሌላ ዲስክ መውጣት አለበት፤ አልፎ አልፎም ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ይሞከር፤ ተመልሶ ሲከፈት ካልታየ ቅጂው ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ የለም።