ተጨማሪ መረጃ፦ የፋሽጋን ካርታ በስላይድ ላይ መሳል

ፋሽጋ በሱዳኗ ገዳሪፍ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል፣ በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ያለ ሰሊጥና ማሽላ የሚመረትበት ለም መሬት ነው። የአትባራ፣ የሰቲት (ተከዜ) እና የአንገረብ ወንዞች ያዋስኑታል። የወንዝ ጠመዝማዛ በክብ ወይም በአራት ማዕዘን አይሳልም።

ስለዚህ በፓወርፖይንት ስላይድ ላይ የአካባቢው ካርታ ምስል ይቀመጥና «ኢንሰርት» ውስጥ «ሼፕስ»፣ ከዚያም «ፍሪፎርም» ይመረጣል። ወንዙ በታጠፈበት ሁሉ በማውዝ ጠቅ እየተደረገ ይኬዳል፤ መነሻው ነጥብ ላይ ሲደረስ ቅርጹ ይዘጋል።

አንድ ኩርባ በስህተት ቢሳል እንደ አዲስ መሳል አያስፈልግም። ቅርጹን በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ኤዲት ፖይንትስ»ን መምረጥ ይበቃል፤ ነጥቦቹ ይጎተታሉ፣ ይጨመራሉ፣ ይሰረዛሉ።

የመስመሩ ዓይነትም ትርጉም አለው። አፄ ምኒልክና ብሪታንያ ስለ ኢትዮጵያና ሱዳን ወሰን በ1902 እ.ኤ.አ. ከተዋዋሉ በኋላ ሻለቃ ቻርልስ ጉዊን በ1903 ወሰኑን አካለለ። ሆኖም ኢትዮጵያና ሱዳን በፋሽጋ ላይ እስካሁን ይወዛገባሉ። ካርታ ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ወሰን በተቆራረጠ መስመር ያሳያሉ፤ በ«ሼፕ አውትላይን» ሥር ያለው «ዳሽስ» ይህንኑ ይሠራል።

የቅርጹ ቀለም በከፊል አሳላፊ ቢደረግ ከሥሩ ያለው ካርታ ይታያል። በመጨረሻ ወንዞቹ፣ ስሞቹና ወሰኑ አንድ ላይ ተመርጠው «ኮንትሮል» እና «ጂ» ሲጫኑ ይጣመራሉ፤ ቦታ ሲቀየርም አይበታተኑም።