የቅዳሜው ምጣድ

በአዲስ አበባ ጉለሌ ብዙ ቤቶች ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚበላው ቁርስ የሚዘጋጀው ቅዳሜ ነው። ልጅ ለትምህርት ቤት፣ አዋቂ ለታክሲ ሰልፍ በሚጣደፍበት ጠዋት ምጣድ የሚጥድ የለም። ካለው እንጀራ ይቆረሳል፣ ፍርፍር ይሠራል፣ ከእሱም ለምሳ ዕቃ ይቀነሳል። ባሕር ማዶም እሑድ ዋፍል የሚባለውን ባለ ጉድጓድ ቂጣ ጋግሮ በፍሪዘር አስቀምጦ በሥራ ቀን እያሞቁ መብላት የተለመደ ነው። ዋፍል በሁለት የጋለ ብረት መሃል ይጨበጣልና ጉድጓዶቹን የሚያትምበት ብረቱ ነው። የእንጀራን ዓይን የሚከፍተው ግን ሊጡ ራሱ ነው፤ ለዚያም የሚያስፈልገው ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ሙቀቱን እኩል የሚያዳርስ ሸክላ ነው።

ለዚህ ሸክላ ከጉለሌ መውጣት አያስፈልግም። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ቀጨኔ በሸክላ ሠሪ ሴቶቹና በሸማኔ ወንዶቹ የታወቀ ሰፈር ነው። እዚያ ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ ያለ መዘውር፣ በእጅ ብቻ ይሠራል። አፈሩ ተቆፍሮ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ ከዚያ የተሰበረ ሸክላ ዱቄት ወይም አሸዋ ገብቶበት በውሃ ይቦካል። ይህ ቅልቅል ከሌለ ሸክላው እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ከዕቃዎቹ ሁሉ ፈታኙ ምጣድ ይመስለኛል። ጀበና ቅርጹ ራሱ ይደግፈዋል፤ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ዝርግ ሸክላ ግን ሲደርቅ ሊጎብጥ፣ ሲተኮስም ከመሃሉ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በጥላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይደረጋል፣ ፊቱ በለስላሳ ድንጋይ ደጋግሞ ይታሻል፣ በመጨረሻም ሜዳ ላይ በቅጠል፣ በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኮሳል።

እነዚህ ሴቶች ለዘመናት «ቡዳ» እየተባሉ ተሸሽተዋል። የሠሩት ምጣድ በየቤቱ ገብቶ እነሱ ግን ከደጅ ሲመለሱ ኖረዋል። ይህ ነውር ነው፤ ቅሪቱም ገና አልጠፋም።

አዲስ ምጣድ ቤት ሲገባ ይሟሻል። ሞቅ ሲል የተፈጨ ጎመንዘር ይነሰነስበትና በጨርቅ ይታሻል፤ ዘይቱ በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ እየጠቆረ ፊቱን ያለሰልሰዋል። በደንብ ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል፤ ችኮላ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው።

ድሮ ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ ከሥሩ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል ይማገድበት ነበር። ያን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ግን በከተማው አብዛኛው ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ልቡ ያው ሸክላ ነው። በሥሩ በተፈለፈለ ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ የሚግለው ሽቦ ይዘረጋል፣ በጀሶ ይታሸጋል፣ ከዚያም እግር ባለው የብረት ገበታ ላይ ይቀመጣል። የሚፈጀው ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ነው፤ ይህም ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን ከ350 እስከ 400 ያህሉን በአንዴ እንደ ማብራት ነው። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ የመጀመሪያውን እንጀራ ለመቀበል ሩብ ሰዓት ያህል መጋል አለበት። ይህ ሩብ ሰዓት ብቻውን አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይወስዳል። በየቀኑ ሦስት እንጀራ የሚጋግር ቤት ይህን ኪሳራ በየቀኑ ይከፍላል፤ ቅዳሜ ሠላሳ የሚጋግር ግን አንዴ ብቻ። የሳምንቱን በአንድ ቀን የመጋገር ጥበብ ጊዜ ብቻ ሳይሆን መብራትም ይቆጥባል።

ሊጡ ቀድሞ ይታሰባል። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ማታ የጤፍ ዱቄት ካለፈው በተቀመጠ እርሾ ይቦካል። ቅዳሜ ጠዋት ላዩ ላይ ያቀረረው ውሃ ተቀድቶ ይወጣል፣ ጥቂት ሊጥ በፈላ ውሃ ተማስሎ አብሲት ይጣላል። ጤፍ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን የለውም፤ ሊጡን አወፍሮ አየሩን የሚይዝለት ይህ አብሲት ነው። ሊጡ ኩፍ ሲል ከዳር ወደ መሃል እየተዞረ ይፈሳል። ዓይኑ ሲከፈት አክንባሎ ይደፋበታል፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ዳሩ ይነሳል፣ በሰፌድም ይወጣል። አይገለበጥም፤ የላይኛውን ፊት የሚያበስለው ከአክንባሎው ሥር የታፈነው እንፋሎት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ትኩስ እንጀራ በትኩስ ላይ ከተደረበ ያልበዋል፣ ላቡም ሻጋታ ይጠራል። እያንዳንዱ በረድ ሲል መደርደር አለበት። በመሶብ ያለው ሦስት አራት ቀን ይቆያል፤ የሳምንቱ ማለቂያ ድርሻ በፌስታል ተጠቅልሎ ፍሪጅ ቢገባ ይሻላል። ደግሞም ለፍርፍር የሰነበተ እንጀራ ከትኩሱ ይበልጣል፤ ስለደረቀ ቁሌቱን ይመጥጣል እንጂ አይላቁጥም። ብልህ እናቶች ቅዳሜ ከእንጀራው ጎን ሽንኩርትና በርበሬውን አቁላልተው ያስቀምጣሉ። በጾምም በፍስክም ሰኞ ጠዋት የሚቀረው ቁሌቱን በጥቂት ውሃ ማፍላትና እንጀራውን መቁረስ ነው፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ምጣድ ልትገዙ ከሆነ ቀጨኔ ውረዱ። ከመክፈላችሁ በፊት በጣታችሁ ኳ አድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ የለበትም፣ የታፈነ ከሆነ ተዉት። በኤሌክትሪክ የምትጋግሩ ደግሞ ለምጣዱ የራሱን መስመርና ብሬከር አስገቡለት እንጂ ከፍሪጁ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰኩት። ከሠሪዋ ጋር ዋጋ ስትነጋገሩም ስንት ቀን እንደለፋችበት አስቡ።