ኬብሉ ከልስን በፊት ይግባ

ቤት እያሠራችሁ ከሆነ ግድግዳው ሳይለሰን ይህን አንብቡ። ሳሎን የተቀመጠ የአንድ ራውተር ዋይፋይ የኮንክሪት ሶሌታውን አልፎ ፎቅ ላይ ያለ መኝታ ቤት በደንብ አይደርስም። ብዙ ሰው ኤክስቴንደር ይገዛል። እሱ ግን የተዳከመውን ሲግናል ተቀብሎ መልሶ በአየር ስለሚልከው ፍጥነቱ ይቀንሳል። ደህናው መፍትሔ ከራውተሩ እስከ እያንዳንዱ ፎቅ ኮሪደር ኬብል ስቦ ጣሪያው ላይ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) መስቀል ነው።

ኬብሉ ካት 6፣ ንጹሕ መዳብ ይሁን። በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ስትገዙ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጣ ካለ ለባለ ሱቁ መልሱለት። አክሰስ ፖይንቱ ኃይል የሚያገኘውም በዚሁ ኬብል ስለሆነ (ፒኦኢ የሚባለው) አሉሚኒየሙ ይበልጥ ይግላል።

ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቡት፤ ኤሌክትሪሺያኑ «ምን ችግር አለው?» ቢላችሁም። የኬብሉ ርዝመት የ100 ሜትር ገደብ አለው፤ ለመኖሪያ ቤት ግን አያሳስብም።

ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት 8ቱም ሽቦዎች በቴስተር ይፈተሹ። 4ቱ ብቻ ከሠሩ ኢንተርኔቱ ይገባል፣ ፍጥነቱ ግን ከ1000 ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል፤ ማንም ልብ አይለውም።

በየቦታው አንድ ትርፍ ኬብል አስቀብሩ። ከልስን በኋላ ግድግዳ መቅደድ ከኬብሉ ይበልጥ ያስወጣል።