ውሻ ወደ ውጭ አገር ለመሻገር የሚያስፈልገው

ሰው ከአገሩ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ፓስፖርትና ቪዛ እንደሚያስፈልገው ሁላችንም እናውቃለን። ውሻም እንደዚሁ የራሱ ወረቀት፥ የራሱ መርፌና የራሱ ቀጠሮ እንዳለው ግን ብዙዎቻችን ሰምተን አናውቅም። እኔም ነገሩን የተማርሁት አጎቴ ለሥራ ወደ ጀርመን አገር ሲሄድ፥ መከታ የተባለውን ውሻውን ይዞ ለመሄድ ባሰበ ጊዜ ነው። ወረቀቱን የማነብለትና ቀኑን የምቈጥርለት እኔ ስለ ነበርሁ፥ ያገኘሁትን ዕውቀት ለመጽሔታችን አንባቢዎች ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ። ከዚህ በታች በአኃዝ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን መጣ? ዋናው ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው የሚመጣው በቫይረስ ሲሆን፥ ያበደው እንስሳ ሲነክስ በምራቁ አማካይነት ወደ ተነከሰው ሰውነት ይገባል፤ ከዚያም በነርቭ ላይ እየተጓዘ ወደ አንጎል ይደርሳል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ ውሻ ይድናል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም ለማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል። ከእነዚህም አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ናቸው። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍበት መንገድ ከመቶ 99 እጅ ያህሉ በውሻ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓ.ም. ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን፥ ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ካዳነው ወዲህ ለተነከሰ ሰው መድኃኒት ተገኝቷል፤ ይኸውም ሳይዘገይ ከተከተበ ነው። በአዲስ አበባ ፓስተር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሊቅ ነው።

የጉምሩክ ሰዎችን የሚያስጨንቃቸው ግን በሽታው የሚደበቅበት ጊዜ ነው። የተነከሰ ውሻ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር ድረስ ጤነኛ መስሎ ይኖራል፤ አንዳንዱም ከዚያ በጣም ይዘገያል። እንግዲህ ዛሬ ጅራቱን እየቈላ ከአውሮፕላን የሚወርደው ውሻ ከሦስት ወር በኋላ ምን እንደሚሆን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም።

ይህን ከሁሉ አብልጦ የተማረው የእንግሊዝ አገር ነው። እንግሊዞች በውሾቻቸው አፍ ላይ ማሰሪያ እያደረጉ፥ ከውጭ የሚገባውንም እየተቈጣጠሩ፥ በ1902 በሽታውን ከደሴታቸው አጠፉት። ነገር ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ወታደሮች ከጦር ሜዳ ውሾችን ደብቀው ይዘው ስለ ገቡ፥ በ1918 በሽታው እንደገና ተነሣ፤ ለማጥፋትም እስከ 1922 ደከሙ። ከዚህ በኋላ ማንኛውም ከውጭ የመጣ ውሻ 6 ወር ተለይቶ እንዲቀመጥ በጥብቅ ያዝዙ ነበር። ይህም ቢሆን አልበቃም። በ1969 ካምበርሊ በተባለች ከተማ፥ ከጀርመን መጥቶ ስድስቱን ወር ፈጽሞ የተለቀቀ አንድ ውሻ ጥቂት ቀን ቈይቶ አበደ። ስድስት ወር መታሰር ለውሻውም ለጌታውም ከባድ መሆኑ አይካድም። ስለዚህ ክትባትና የደም ምርመራ ከተሻሻሉ በኋላ፥ ከ2000 ጀምሮ ደንቡን ለመለወጥ ተቻለ። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ትልቅ የሳይንስ ድል ነው፤ ግንብና አጥር ይሠሩት የነበረውን ሥራ ዛሬ ትንሽ የደም ጠብታ ይሠራዋልና።

አሁን ወደ አጎቴ ውሻ ልመለስ። ጀርመን የኤውሮፓ ኅብረት አባል ስለ ሆነች የኅብረቱን ደንብ ትከተላለች። ደንቡ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱም ቅደም ተከተሉ ሊፋለስ አይገባም። መጀመሪያ የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮቺፕ በመርፌ ከውሻው ቆዳ ሥር ትገባለች። በውስጧ 15 አኃዝ ያለው ቍጥር አለ፤ የእንስሳት ሐኪሙም በማንበቢያ መሣሪያ ያነበዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው ከዚህ በኋላ፥ ወይም በዚያው ቀን ነው፤ ውሻውም ከ12 ሳምንት ያነሰ ዕድሜ ሊኖረው አይገባም። ክትባቱ ከቺፑ የቀደመ እንደ ሆነ ግን እንዳልተከተበ ይቈጠራል።

የመከታም ችግር ይኸው ነበር። ውሻው በየዓመቱ ተከትቧል፤ ወረቀቱም በንጽሕና ተቀምጧል። ቺፕ ግን አልነበረውም። አያቴ «ወረቀቱ ላይ መከታ ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ? ምን ይሁን ነው የሚሉት?» እያሉ ይቈጡ ነበር። ሐኪሙ ግን በትሕትና፥ «እማማ፥ መከታ የተባለ ውሻ በአዲስ አበባ ስንት ይሆን? ወረቀቱ የዚህ ውሻ መሆኑን በምን ያውቃሉ?» ብሎ አስረዳቸው። በእውነቱ መልሱ ትክክል ነው። ስለዚህ ሐምሌ 15 ቀን ቺፑ ገባለት፤ በዚያው ቀንም እንደ አዲስ ተከተበ።

አስቸጋሪው ክፍል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሽታው በሚገባ ከተቈጣጠሩት አገሮች የሚመጣ ውሻ ከክትባቱ በኋላ 21 ቀን ቈይቶ መግባት ይችላል። አገራችን ግን ከእነዚህ መዝገብ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ካለፈ በኋላ የውሻው ደም ተቀድቶ፥ ኅብረቱ ወደ ፈቀደለት ላቦራቶሪ ይላካል። በዚያም ክትባቱ በደሙ ውስጥ ያስገኘው የመከላከያ ኃይል ይለካል፤ ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.5 የዓለም አቀፍ መለኪያ ማነስ የለበትም። ውጤቱ መልካም ቢሆንም ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንሥቶ 3 ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። ምክንያቱም ውሻው ከመከተቡ በፊት ተነክሶ ከሆነ በሽታው በዚያ ጊዜ ውስጥ ይገለጥ ይሆናል ተብሎ ነው። ሂሳብ የሚወድ አንባቢ ቢደምረው፥ አንድ ቡችላ 7 ወር ገደማ ሳይሞላው ከአዲስ አበባ ወደ ኤውሮፓ መግባት እንደማይችል ያገኘዋል።

የመከታ ደም የተቀዳው ነሐሴ 20 ቀን ስለ ሆነ፥ ሦስቱ ወር የሚፈጸመው ኅዳር 20 ቀን ነው። አጎቴ ግን መስከረም ላይ ሥራ መጀመር ነበረበት። «እርሱ ይቅደም፤ ውሻው በኋላ ይላክለታል» ብለን ነበር፤ ነገር ግን ለዚህም ደንብ አለው። ባለቤቱና ውሻው የሚጓዙበት ቀን ከ5 ቀን በላይ ከተራራቀ፥ ውሻው እንደ ንግድ ዕቃ ተቈጥሮ በሌላና በከበደ ደንብ ይገዛል። ስለዚህ አጎቴ ብቻውን ሄደ፤ ለገና ፈቃዱ ተመልሶ መጥቶ ሊወስደው ወሰነ። አንዳንድ ጎረቤቶች «ስለ አንድ ውሻ ይህን ያህል!» እያሉ ሳቁ። መከታ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ቤታችንን የጠበቀ ነው፤ በመንገድ ላይ ጣሉት ብሎ መምከር ለሚስቀው ሰው ይቀለው ይሆናል። ወረቀት ሳያሟሉ መሄድም ቀልድ አይደለም። በመድረሻው አውሮፕላን ማረፊያ ጉድለት የተገኘበት ውሻ ወደ መጣበት ይመለሳል፥ ወይም በባለቤቱ ወጪ ተለይቶ ይቈያል፤ ሁለቱም ካልተቻለ እንዲገደል ሊፈረድበት ይችላል።

የመጨረሻው ወረቀት የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚፈርምበት የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ይህም ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ እስከ መግቢያው ምርመራ ድረስ የሚያገለግለው 10 ቀን ብቻ ስለ ሆነ፥ ቸኵሎ ማስፈረም ጥቅም የለውም። ወደ እንግሊዝ፥ ወደ አየርላንድ፥ ወደ ፊንላንድ፥ ወደ ማልታ ወይም ወደ ኖርዌይ የሚሄድ ውሻ ደግሞ ከመግባቱ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የትል መድኃኒት መዋጥ አለበት። ትሉ የኮሶ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ውሻው ኮሶ ጠጥቶ ይሄዳል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሌሎችን አገሮች በአጭሩ ልጥቀስ። አሜሪካ በ2024 ባወጣችው ደንብ፥ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜና ቺፕ እንዲኖረው አዝዛለች። አገራችንን ከመሳሰሉ በሽታው ከበዛባቸው አገሮች ተከትቦ የሚመጣ ውሻ ደግሞ የደም ምርመራ ውጤት ከሌለው 28 ቀን ተለይቶ ይቀመጣል። ጃፓን በ1957 በሽታውን ከእንስሶቿ አጥፍታለች፤ በዚህም ምክንያት ከሁሉ ትጠነቀቃለች፤ ሁለት ጊዜ ያስከትባል፥ ደሙ ከተቀዳ በኋላም 180 ቀን ያስጠብቃል።

ውሻው የሚጓዝበት ሣጥን ሳይደፋ የሚቆምበት፥ የሚዞርበትና የሚተኛበት ስፋት ሊኖረው ይገባል። ሣጥኑን ቀደም ብሎ ገዝቶ ውሻው በውስጡ እንዲተኛ ማለማመድ መልካም ነው፤ መከታ በሁለተኛው ሳምንት ሳይጠሩት ይገባ ጀመር። ኤውሮፓ ከደረሱ በኋላም መርሳት የማይገባ አንድ ነገር አለ። የደሙ ምርመራ ሁለተኛ የማያስፈልገው የክትባቱ ጊዜ ሳያልፍ እስከ ታደሰ ድረስ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ካለፈ፥ ውሻው ወደ አገር ቤት መጥቶ ሲመለስ ክትባቱም፥ ደም መቀዳቱም፥ ሦስቱም ወር እንደገና ከመጀመሪያው ይቈጠራሉ።